የራቀ ቤትና የቅርብ ዘመድ፦ የኪራይ ቤታችንን አስተዳዳሪ ይያዝልን ወይስ ራሳችን እንያዘው?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች መረዳጃ ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ባለፈው ወር የዕድሩ ሊቀ መንበር «እናንተ ሐዋሳ ቤት አከራይታችሁ ስትንገላቱ አይተናል፤ የተማራችሁትን ለኛም ንገሩን» ብለው ስላዘዙን ነው ዛሬ ባልና ሚስት ሁለታችንም ከፊታችሁ የቆምነው። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ነጋዴዎችም አይደለንም። በጡረታ የምንኖር መምህራን ነን። ነገር ግን ብልህ በሰው ይማራል ይባላልና የኛን ጥፋት ሰምታችሁ እናንተ ብትድኑ ደስ ይለናል።

ጉዳዩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ከወላጆቹ የወረሰው ቤት ጎንደር ያለ አለ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ የሆነበት አለ። ልጆቹ አሜሪካ ሆነው ቤት ሠርተው «አባዬ፣ አንተ ተቆጣጠርልን» ያሉትም አለ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ተከራይ ገብቶበታል፤ ማን ይየው?

የኛ ቤት ሐዋሳ ነው፤ ከዚህ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ በምናስተምርበት ዘመን በቁጠባና በዕቁብ የሠራነው ሦስት ክፍልና አንድ ሰርቪስ ቤት ነው። ለልጆቻችን ስንል ወደዚህ ስንመጣ አከራየነው። ዛሬ በወር 15,000 ብር ይከፈልበታል። እውነቱን ለመናገር የጡረታችን አበል ብቻውን ወሩን አያደርሰንም፤ የሐዋሳው ቤት ነው የሚያደርሰን። ስለዚህ ቤቱ ሲታመም እኛም እንታመማለን።

መጀመሪያ አስተዳዳሪ መቅጠር የሚባል ነገር አላሰብንም። የእኅታችን ልጅ እዚያው ስለሚኖር «አንተ እያለህልን ምን ቸገረን» ብለን ቁልፉን ሰጠነው። ደመወዝ የለው፣ የትራንስፖርት የለው። ኪራዩን ይሰበስባል፣ ባንክ ያስገባልናል፣ ቆጣሪ ያነባል፣ ተከራዮቹ ሲጣሉ ያስታርቃል። እኛም «ዘመድ ምን ይከፈለዋል፣ ይመረቃል እንጂ» እያልን አራት ዓመት አሳለፍን።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ተከራዩ «ከሮቶው ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ ያፈሳል፤ ኮርኒሱ ረጥቧል» ብሎ ለልጁ ነገረው። ልጁም በዚያው ቀን ደወለልን። እኛ ምን አልነው? «እኛ እስክንመጣ ጠብቅ» አልነው። በዚያን ሰሞን ለቅሶ ነበረብን፤ ቀጥሎ ጾሙ ገባ፤ መሄዳችን ሁለት ወር ዘገየ። በዚህ መካከል ኮርኒሱ ወረደ፣ የአንደኛው ክፍል ግድግዳ ሻገተ፣ የውሃው ሂሳብ 9,400 ብር ሆኖ መጣ፤ ተከራዩም ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ቤቱ ሁለት ወር ባዶውን ተቀመጠ።

ደርሰን ያንን ስናይ በልጁ ላይ ጮኽንበት። ያልተባለ ነገር የለም። ዝም ብሎ አዳመጠንና በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አለን፦ «እናንተ ዘመድ እንድሆናችሁ ነው የምትፈልጉት ወይስ ዘበኛ?» ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለፋሲካ ዓመት ዓመት እኛ ጋ ይመጣ የነበረ ልጅ በዚያ ዓመት አልመጣም። እናቱም ለወራት ስልክ አላነሣችልንም።

ወገኖቻችን፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ ቁጭ ብለን ስናስበው ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ቧንቧ ሠራተኛ ለመጥራት የሚያስፈልገው 3,000 ብር ገደማ ነበር። ልጁ ግን ይህን የማውጣት ሥልጣንም ገንዘቡም በእጁ አልነበረም። ኃላፊነቱን ሰጠነው እንጂ ሥልጣኑን ይዘን አዲስ አበባ ተቀምጠን ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ቤታችንን በመጀመሪያ የናቅነው እኛው ራሳችን ነን።

በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየውን ቤት ቀበሌ እንዲያስተዳድረው ተደረገ። ብዙዎቻችን በቀበሌ ቤት ኖረን አይተነዋል፤ ኪራይ የሚሰበስብ ሰው በየወሩ ነበረ፤ ጣራ የሚያፈስበትን ቤት የሚያድስ ግን ስንቱ ዘንድ መጣ? ከዚህ የተማርነው፣ ኪራይ መሰብሰብና ቤት መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት እያስተዳደሩ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎችን አነጋገርን። አንዱ የጠየቀን የኪራዩን 10 ከመቶ፣ ማለት በወር 1,500 ብር ነው። ባዶ ቤት ላይ አዲስ ተከራይ ሲያስገባ ደግሞ የግማሽ ወር ኪራይ፣ 7,500 ብር። «ይህማ ዝርፊያ ነው!» ብለን ልንነሣ ስንል እርሳስና ወረቀት አምጥተን እናስላው ተባባልን። ሂሳቡን እነሆ።

በዚያ ክፉ ዓመት የወጣብን፦ ቤቱ ባዶ የዋለበት ሁለት ወር 30,000 ብር፤ አራት ጊዜ ለሁለት ሰው መመላለሻ፣ መኝታና ምግብ 20,000 ብር፤ የውሃ ሂሳብ 9,400 ብር፤ የኮርኒስና የግድግዳ ማሠሪያ 22,000 ብር። ድምሩ 81,400 ብር።

አስተዳዳሪ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ይድን ነበር ማለት አይደለም። ባዶ ከዋለው ሁለት ወር አንዱ፣ ከአራቱ ጉዞ ሦስቱ፣ ከውሃውና ከግድግዳው ወጪ አብዛኛው፣ በጠቅላላው ወደ 55,000 ብር ይድን ነበር ብለን ገመትን። ለአስተዳዳሪው የምንከፍለው ደግሞ በዓመት 18,000ና 7,500፣ ማለት 25,500 ብር ነው። በክፉ ዓመት እንግዲህ መቅጠሩ ያዋጣል።

ደግ ዓመትስ? ተከራዩ ሳይወጣ፣ ቧንቧውም ሳይፈነዳ ቢያልፍ፣ የምናተርፈው የአንድ ጉዞ ወጪ 5,000 ብር ብቻ ነው፤ የምንከፍለው ግን 18,000። በደግ ዓመት 13,000 ብር እንከስራለን። ስለዚህ አስተዳዳሪ ማለት እንደ ዕድራችን ነው፤ ለቅሶ ባይኖርም ወርኃዊው መዋጮ ይከፈላል። ጥያቄው «ይህን መዋጮ ለመክፈል አቅም አለን ወይ? ክፉው ቀን ሲመጣ ያለ እርሱ እንችለዋለን ወይ?» ነው።

ቀጥሎ ያየነው ሕጉን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ይመዘገባል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪም ባለቤቱ በፈለገው ቀን የሚደረግ አይደለም። ቤታችሁ ያለበት ከተማ ይህን እንዴት እንደሚያስፈጽም ከዚያው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ይህ አዋጅ አስተዳዳሪ መቅጠርን በሚመለከት ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ኪራዩ በባንክ ከሆነ ተከራዩ በቀጥታ በኛ ሂሳብ ማስገባት ይችላል፤ አስተዳዳሪው ገንዘባችንን መንካት አያስፈልገውም። «በ18,000 አከራይቶ በ15,000 ነው ይለናል» የሚለው ሥጋትም የተመዘገበውን ውል ቅጂ ስንይዝ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ተከራይ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቆይ ከሆነ ተከራይ የመፈለጉ ሥራ ጥቂት ነው። ገቢው አዲስ ተከራይ ከማስገባት የሚመጣ ሰው የቆየው ተከራይ ቢወጣ አይከፋውም፤ እንዲያውም ይጠቀማል። ስለዚህ ክፍያው ቤቱ በደህና ለዋለበት ወር ይሁን እንጂ ለመጣ ለሄደው ተከራይ አይሁን።

አሁን ስለ ውክልና እንናገር፤ እዚህ ላይ እባካችሁ ጆሯችሁን ስጡን። አስተዳዳሪው ስለ እኛ እንዲፈርም ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውክልናውም በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሁላችን «ውልና ማስረጃ» በምንለው ቢሮ ይረጋገጣል። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን በኤምባሲ በኩል ይልካሉ። ለኛ ደጅ ላይ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ያዘጋጀልን ረቂቅ ሲነበብ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ተጽፎበት አገኘን። እኛ የፈለግነው ቧንቧ የሚያስጠግን ሰው፣ ወረቀቱ ግን ቤታችንን የሚያሸጥ! «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው» አለን። እኛም አንፈርምም አልን።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈልና የመሳሰለው። ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ለመስጠት፣ ፍርድ ቤት ለመቆም ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ ያንን ልዩ ሥልጣን በገዛ ፊርማችን ካልሰጠነው ማንም አይወስደውም። የሰጠነውንም ውክልና በፈለግን ጊዜ መሻር መብታችን ነው፤ ስንሽር ግን ለተከራዩም ለባንኩም ማሳወቅ አንርሳ።

እኛ በመጨረሻ ምን ወሰንን? ግማሽ መንገድ ሄድን። ሐዋሳ ውስጥ ሦስት ሌሎች ቤቶችን የሚያይ አንድ ሰው ያዝን። ከመያዛችን በፊት የሦስቱንም ቤት ባለቤቶች አነጋገርን፤ ተከራዮቹንም ጠየቅን፤ የእውነቱን ነገር የሚያውቁት ተከራዮቹ ናቸውና። የተስማማነው በዚህ ነው፦

1ኛ/ ኪራዩ በቀጥታ በኛ የባንክ ሂሳብ ይገባል፤ እርሱ ገንዘብ አይቀበልም። ስለዚህ 10 ከመቶው ቀርቶ በወር 1,000 ብር ተስማማን።

2ኛ/ እስከ 3,000 ብር ለሚደርስ አስቸኳይ ጥገና እኛን ሳይጠይቅ ያሠራል፤ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ይልካል። ለዚህም በእጁ አስቀድመን ያስያዝነው ገንዘብ አለ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይደውላል፤ እኛም በዚያው ቀን መልስ እንሰጣለን። «እስክንመጣ ጠብቅ» የሚል ቃል ከቤታችን ተሰርዟል።

3ኛ/ በወር አንድ ጊዜ ቤቱን ገብቶ ያያል፤ ሲሄድም ለተከራዩ አስቀድሞ ይነግራል። ጣራ፣ ቧንቧ፣ ቆጣሪና ሽንት ቤት እያንዳንዱ ተጽፎ ይመጣል።

4ኛ/ ውሉ ለስድስት ወር ሙከራ ነው፤ ካልተስማማን በአንድ ወር ማስታወቂያ እንለያያለን።

5ኛ/ የኪራይ ገቢ ግብሩን የምናሳውቀውና የምንከፍለው እኛው ነን፤ የግብር ነገር ለሰው አይተውም።

ሙከራው አልቆ ውሉን አድሰናል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አንልም። አንድ ወር ሪፖርቱን ዘግይቶ ልኮ ተነጋግረናል፤ አንድ ጊዜም ለመዝጊያ ቁልፍ የተከፈለው ዋጋ በዝቶብናል። ነገር ግን ሌሊት ስልክ ሲጮኽ «ኮርኒሱ ወረደ ይሆን?» ብለን አንደነግጥም።

ለሁላችሁም ቅጠሩ አንልም። ቤታችሁ እዚሁ ከተማ ከሆነ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄዶ ማየት ይበቃል። ተከራያችሁ የቆየና እንደ ራሱ ቤት የሚይዝ ከሆነ ለእርሱ ከኪራዩ ጥቂት ቀንሶለት ጥገናውን እንዲያሠራ መስማማት ከአስተዳዳሪ ይሻላል። ዘመድ ቢይዝላችሁም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ክፈሉት፣ ሥልጣኑንም በወረቀት ስጡት፣ እንደ ሠራተኛም አመስግኑት። በነፃ የሚሠራ ዘመድ ርካሽ ይመስላል፤ ቂም ሲመጣ ግን ዋጋው ከኮርኒስ ይበልጣል።

የእኅታችን ልጅ ነገር እንዴት ሆነ ትሉን ይሆናል። ሽማግሌ አልላክንም፤ ራሳችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። የአራት ዓመቱን ድካም የሚመልስ ባይሆንም አቅማችን የፈቀደውን ሰጠነው፤ አልቀበልም ብሎ እናቱ አስገደደችው። ዘንድሮ ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አላነሣንበትም፤ እርሱም አላነሣም። ዶሮውን ቆርሶ ሲያጎርሰን ያየነው ዘመዳችንን ነው፤ ዘበኛችንን አይደለም። በወር 1,000 ብር የምንከፍለው ለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባን።

በዚህ ጉዳይ የተለየ ልምድ ያላችሁ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተነሥታችሁ እንድትነግሩን እንለምናለን። ውክልና ልትሰጡ ያሰባችሁ ደግሞ ከመፈርማችሁ በፊት ረቂቁን ይዛችሁ ወደኛ ጎራ በሉ፤ ቡና እያፈላን አብረን እናነበዋለን።