ሰማይ ላይ ላለው አምቡላንስ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?

(ባለፈው ሰንበት በሰፈራችን እድር አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ)



ስለ አሜሪካ የአየር አምቡላንስ ልናገር መሆኑን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ "የምድሩን መች አገኘነውና!" ብላችሁ እንደሳቃችሁ ደርሶኛል። እውነታችሁን ነው። ዳሩ ግን ነገሩ እዚህ ሰፈር ከገባ ሰንብቷል። አክስቴን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው ዴንቨር ነው የሚኖረው፤ በራሱ የጭነት መኪና ይሠራል። በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እንዳታምታቱብኝ) በበረዶው ወራት ዋዮሚንግ በሚባለው ስቴት መንገድ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ራሱን ስቶ ነበር። በሄሊኮፕተር መምጣቱን የሰማው ሆስፒታል ከነቃ በኋላ ከነርሷ ነው። ተመስገን፣ ተርፏል።

ከሦስት ወር በኋላ ፖስታ መጣለት። አርባ ስምንት ሺህ ዶላር! ኢንሹራንሱ ሲሶውን እንኳ ሳይሞላ ከፈለና "ይህ ኩባንያ ከኛ ጋር ውል የለውም" ብሎ እጁን ታጠበ። ቀሪው በልጁ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እዚህ ደግሞ ለአክስቴ በየወሩ ትመጣ የነበረችው ሁለት መቶ ዶላር ቀረች።

ያን ሰሞን አክስቴ ጠርተውኝ "አንተ ጋዜጠኛ ነህ አይደል? እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ሰማይ ለሰማይ የሚሄድ አምቡላንስ ፈቃድ የለውም? መንግስት አያውቀውም?" አሉኝ። ለሃያ ዓመት ሱቅ የነበራቸው ሴት ናቸው፤ ፈቃድ ማሳደስ ምን እንደሆነ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። መልስ አልነበረኝም። ለነገሩ ፍለጋ የገባሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ፈቃድማ አለው። እንዲያውም ፈቃዱ ከአንድም ሁለት ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። አውሮፕላኑንና አብራሪውን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር ነው። ነርሷን፣ ኦክስጅኑን፣ መተንፈሻ መሣሪያውን የሚያየው ደግሞ የየስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። እስቲ ልብ በሉ፣ አንዲት ሄሊኮፕተር ሁለት ጌታ አላት። ዋጋዋንስ ማን ይቆጣጠራል? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማንም!

ለምን ብትሉ፣ በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት አንድ ሕግ አለ። የአየር መንገዶችን ከመንግስት የዋጋ ቁጥጥር ነፃ ያወጣ ሕግ ነው። ስቴቶች በአየር መንገድ ዋጋ፣ መስመርና አገልግሎት ላይ ምንም ሕግ እንዳያወጡ ይከለክላል። ዓላማው ፉክክር እንዲኖርና ቲኬት እንዲረክስ ነበር፤ ረክሷልም፣ ይህን አልክድም። ግን ያን ጊዜ የሆስፒታል ሄሊኮፕተር ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። የመጀመሪያዋ ሥራ የጀመረችው በ1972 ነው፤ የት መሰላችሁ? እዚያው ዴንቨር! ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ስለሷ ያሰቡ አይመስለኝም። ቲኬት የሚገዛ ሰው ዋጋ ያማርጣል። ራሱን የሳተ ሰው ምኑን ያማርጣል?

እና ስቴቶቹ ዝም አሉ? አላሉም። ቴነሲ ሄሊኮፕተሩ ይህን ይህን የበረራ መሣሪያ ይያዝ ብላ ደነገገች፤ በ2007 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረባት። ሰሜን ካሮላይና "መጀመሪያ ለአካባቢው ማስፈለጉ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ፈቃድ እሰጣለሁ" አለች፤ በ2008 ያም ወደቀ። ዋዮሚንግ ራሷ በሥራ ላይ ለሚጎዱ ሠራተኞች የምትከፍለውን የአየር አምቡላንስ ዋጋ ወስና ነበር፤ በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን አፈረሰው። ስቴቱ እንዲያዝ የተተወለት በሕክምናው በኩል ያለው ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን፣ የነርሷን ሙያ፣ ንጽሕናውን። የአክስቴ ልጅ የወደቀው እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ ወረቀት አለ፤ አክሬዲቴሽን የሚሉት። ይህ ፈቃድ አይደለም፣ የብቃት ምስክርነት ነው፤ የሚሰጠውም መንግስት አይደለም። በአሜሪካ ካምትስ የተባለ በ1990 የተቋቋመ ማኅበር አለ፤ በአውሮፓ ዩራሚ የሚባል አለ። ባለሙያዎች ልከው የሠራተኛውን ሥልጠና፣ የእረፍቱን ሰዓት፣ የደኅንነት አያያዙን ይመረምራሉ፤ ካምትስ ምስክርነቱን የሚሰጠው ለሦስት ዓመት ነው። የሚጠይቀውም ኩባንያው በፈቃዱ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ያለዚያ ፈቃድ አልሰጥም ይላሉ፣ ሌሎቹ ግድ የላቸውም። ብልሃቱ ይገባችኋል፤ ስቴቱ ራሱ ማዘዝ ስላቃተው የሌላ ሰው ደንብ ተበድሮ ያዛል ማለት ነው። እኔ ነገሩን አልጠላውም፤ ጠንካራ ምርመራ ነው። ግን ምስክርነቱ ስለ ዋጋው ትንፍሽ አይልም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2006 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባወጣው ዘገባ ከ2002 እስከ 2005 ጥር ድረስ 55 የአየር አምቡላንስ አደጋዎች ደርሰው 54 ሰዎች ሞተዋል። ከ55ቱ ውስጥ 35ቱ የደረሱት በሽተኛ ባልተጫነበት በረራ ላይ ነው! ምክንያቱም በሽተኛ ሳይኖር ሲበሩ ጠበቅ ያለው ደንብ አይመለከታቸውም ነበር። ነርሷ ግን አለች፣ ሐኪሙ አለ። የእነሱ ነፍስ ነፍስ አይደለም? ይህ የተስተካከለው በ2014 በወጣ ደንብ ነው። የሕክምና ሠራተኛ የተሳፈረበት ሁሉ በጠባቂው ደንብ ይብረር ተባለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቁ እንደነበር እነሱ ያውቃሉ።

ወደ ዋጋው ልመለስ። የመንግስቱ የሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2019 እንደገለጸው፣ በ2017 ለአንድ የሄሊኮፕተር ጉዞ የሚጠየቀው መካከለኛ ዋጋ 36,400 ዶላር ገደማ ነበር። የግል ኢንሹራንስ ካላቸው በሽተኞች ጉዞ ውስጥ 69 በመቶው ኢንሹራንሱ ውል ከሌለው ኩባንያ ጋር ነበር። ስለዚህ የኛ ልጅ ዕድለ ቢስ አልነበረም፤ እንደ ብዙኃኑ ነው የሆነው። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ነቃና በ2020 መጨረሻ ሕግ አወጣ፤ ከ2022 ጥር 1 ጀምሮ በአየር አምቡላንስ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ዕዳ ኢንሹራንስ ባለው በሽተኛ ላይ መጫን ቀረ፤ ኩባንያውና ኢንሹራንሱ እርስ በርሳቸው ይካሰሱ ተባለ። የምድሩን አምቡላንስ ግን ሕጉ ረስቶታል። ወደ ኋላም አይሠራም። ልጁ የ2018ቱን ዕዳ ተደራድሮ አስቀንሶ፣ ቀሪውን በየወሩ ከፍሎ የጨረሰው አምና ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አወራሁ? እዚህም ሰው ሲታመም ተረባርበን ብር አዋጥተን አውሮፕላን የምንከራይበት ጊዜ ይመጣል። ናይሮቢ በ1957 የተመሠረተው የአምሬፍ የበረራ ሐኪሞች ድርጅት አለ፣ ከዩራሚም ምስክርነት አግኝቷል። ደላላ ያመጣው ሌላም ሊኖር ይችላል። ታዲያ ብሩን ከማስረከባችን በፊት የበረራ ፈቃዱ በማን ስም ነው፣ ከበሽተኛው ጋር የሚሳፈረው ሐኪም ነው ወይስ አስተናጋጅ፣ ምስክርነቱ መቼ ያበቃል፣ ዋጋው መሬት ላይ ያለውን አምቡላንስ ይጨምራል ወይ ብለን በጽሑፍ እናስመልስ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማኅተም አይተን ብቻ አንለፍ።

አክስቴ እዚያ ኋላ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውንም አንስተዋል። እትዬ፣ ይጠይቁኝ።