የመምህርቷ ሰዓትና የተረሳችው ክፍል



በአዳማ የምታስተምር እናት የቀኗ ሥራ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ ደወል በፊት ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ በርሜሏን ትሞላለች፤ ቁርስ አቅርባ፣ ሕፃኗን አጥብታ ትወጣለች። ማታም ቤተ ሰቡ ሲተኛ ደብተር ታርማለች። ይህን «ጥንካሬ» እያሉ ማወደስ የተለመደ ነው፤ ውዳሴ ግን ሕፃን አያጠባም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃዱን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። የቀሩት 3 ወራት በጡጦ ይሸፈናሉ።

በስምጥ ሸለቆ ይህ ክፍተት ይከብዳል። አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ግን የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይዱ ድርጅቱ ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበልጣል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው፤ በዚያ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ግን ገና በድድ ውስጥ የሚሠራውን ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ማፍላትም አያስወግደውም።

አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር። የትምህርት ቤት ንድፍ ሲነሣ ግን ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የዘበኛው ቤት ሳይቀር ይታሰባል፤ ይህች ክፍል ብዙ ጊዜ ትረሳለች። የሚያስፈልጋትም ጥላ፣ ነፋስ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከመማሪያ ክፍሎቹም የጥቂት እርምጃ ርቀት ብቻ ነው።