የቆላው ትኩሳትና የሰው ልብ፤ በመተማና በገዳሪፍ ወሰን ስላለው ሕመም፥ ስለ ሱስና ስለ ሕክምና



ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ አየሩ እየሞቀ፥ አፈሩም እየጠቆረ ሄዶ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ አንድ ትንሽ ጅረትና ድልድይ ከፊቱ ያገኛል። ከድልድዩ ማዶ ጋላባት ናት፤ ከጋላባት ወዲያ ያለው ሜዳ እስከ ገዳሪፍ ከተማና ከዚያም አልፎ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። ይህ ሥፍራ በታሪክ መጽሐፍ የሚታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበት በመሆኑ ነው፤ ተማሪዎችም በክፍል ውስጥ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። በዚያው መሬት ላይ በየዓመቱ ያለ ነጋሪትና ያለ ታሪክ ጸሐፊ የሚወድቁት ግን የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ የዚህም ንግግር ጉዳይ የእነሱ ነው።

ሰሊጥ የማይታገሥ እህል ነው። ጊዜው ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ በመሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ባለ እርሻዎች ለአረም በሐምሌና በነሐሴ፥ ለአጨዳም ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ብዙ እጅ ይፈልጋሉ፤ ከጎጃም፥ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ የሚወርዱትም ወጣቶች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ደብተራቸውን ያስቀመጡ ተማሪዎች መሆናቸውን ከመምህራን ይልቅ የሚያውቅ የለም። ሠራተኛው ቀን በፀሐይ ይውላል፤ ሌሊት በእርሻው ዳር በሜዳ ላይ ይተኛል። ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥና ሱዳኖች ተልህና ህጅሊጅ በሚሏቸው ዛፎች ሥር ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። እሷ ናት ካላ አዛር የተባለውን ሕመም ከሰው ወደ ሰው የምታዛምተው። ስሙ ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን ጥቁር ሕመም ማለት ነው። ሕመሙ ሰውነትን ያከሳል፥ ጣፊያን ያሳብጣል፥ ደምን ያደርቃል፤ ሳይታከሙ ከቀሩ 100 ሕመምተኞች ከ95 የማያንሱት ይሞታሉ።

ነገር ግን ይህ ሕመም መድኃኒት አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሞያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከሩት ሕክምና በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን መውጋት ነው፤ ቀድሞ በአንድ መድኃኒት ብቻ ሲታከም 30 ቀን ይወስድ ነበር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት ለዚሁ ሕመም የተለየ የምርምርና የሕክምና ማእከል አለ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በአብደራፊ፥ በሱዳን በኩልም በገዳሪፍ ክልል ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ፕሮፌሰር አሕመድ መሐመድ ኤል ሐሰንና ባልደረቦቻቸውም በገዳሪፍ መንደሮች ተቀምጠው ሕመሙን ለረጅም ዘመን መርምረዋል። እንግዲህ ሕመሙ ታውቆ፥ መድኃኒቱም ተገኝቶ ሳለ ሰው የሚሞተው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ውጭ፥ በሰው ልብና በኑሮው ውስጥ የሚገኝ ነው።

መጀመሪያ የጊዜው ነገር አለ። ዝንቧ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው። ሠራተኛው ያን ጊዜ ገንዘቡን ይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። ትኩሳቱ ቆላ በሌለበት ቀዬ ሲነሣበት፥ ጎረቤቱም ሆነ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ የሚያስበው ወባን ነው። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰ ነገር ነው። በዚያ ወረዳ ሰዎች እየተኮሱና እየከሱ ሲሞቱ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ቆየ፤ ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ በተከፈተው ማከሚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕመምተኞች ታከሙ። ሕመሙ ወደዚያ ደጋ ቀመስ አገር የገባው ከመተማና ከሁመራ በሚመለሱ ሠራተኞች እንደ ሆነ ይታመናል። ማለትም አንድ ወጣት የተወውን ትምህርት ሳይቀጥል፥ ያላሰበውን ነገር ለመንደሩ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው የሰው ስሜት ራሱ ነው፤ ለዚህም ከገዳሪፍ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በክልሉ መንደሮች ከ350 ሺህ በላይ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ታድሎ ነበር። ሕመምተኞች ቀነሱ፤ ይሁን እንጂ አንድ እንቅፋት ታየ። በክረምት፥ ትንኝ በጆሮ ሥር ስትጮኽ፥ ሕዝቡ ሁሉ ከሞላ ጎደል በአጎበር ውስጥ ይተኛል። ከክረምት በፊት ባሉት የሙቀት ወራት ግን፥ የአሸዋ ዝንቧ በምትነክስበት ጊዜ፥ ብዙ ሰው አጎበሩን ይተወዋል፤ ልጆችም በአመሻሹ ከአጎበር ውጭ ያንቀላፋሉ። የአሸዋ ዝንብ ድምፅ የላትም። ሰው የሚከላከለው የሚያሳክከውንና የሚያውከውን እንጂ የሚገድለውን አይደለም፤ ይህንንም የሰው ጠባይ ለማቅናት ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፥ ይልቁንም ብዙ የማይነገርለት፥ የመጠጡና የብቸኝነቱ ነገር ነው። በአገሩ ያለ ወጣት ቢጠጣም መጠጡ ልክ አለው፤ ጾም አለ፥ ማኅበር አለ፥ ዕድር አለ፥ የሚያፍረው ሽማግሌ አለ። በቆላ እርሻ እነዚህ ሁሉ የሉም። የወራት ድካም ዋጋ በአንድ ቀን በእጁ ይገባል፤ የመተማ ጠጅ ቤትና አረቄ ቤት ደግሞ ከእርሻው ጎዳና ላይ ነው። ሲያልበውና ሲያንቀጠቅጠው አረቄ በነጭ ሽንኩርት ያሽረዋል የሚል ምክር ከጓደኞቹ ይሰማል፤ ስለዚህ መጠጡ መዝናኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ተብሎ ይጠጣል፤ ለምርመራ የሚሆነው ሳምንትም እንዲሁ ያልፋል። በጉበትና በቆሽት ላይ የሚከብደው የካላ አዛር መርፌ ሲጀመር ደግሞ ያ የተጎዳ ሰውነት መከራውን ይቀበላል። በመጠጥ ቤቱ ደጅ ሌላም ነገር አለ፤ የኤች አይ ቪ ሕመም በመተማና በሁመራ የካላ አዛር ሕመምተኞች ዘንድ በብዛት ተገኝቷል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ካላ አዛሩ ከዳነም በኋላ ደጋግሞ ይመለሳል።

በሱዳን በኩል ሁኔታው ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሕግ መጠጥ ተከለከለ፥ ጅራፍም ቅጣቱ ሆነ፤ እስላም ላልሆኑት ሕጉ የላላው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ክልከላው መጠጥን አላጠፋም፤ ደበቀው እንጂ። ከተምር የሚወጣው ዓረቂና ከማሽላ የሚጠመቀው መሪሳ በስውር ይሸጥ ነበር፤ ከሻጮቹም ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ ያጡ ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፥ እስራቱም በእነሱ ላይ ይበረታ ነበር። ፖሊስን የሚሸሽ ሰው የመንግሥት ሐኪምንም ይሸሻል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ማንም የማይከለክለው ደግሞ ቶምባክ ነው፤ ከትምባሆና ከአትሮን ተቀላቅሎ በከንፈር ሥር የሚያዝ፥ የአፍ ነቀርሳ እንደሚያመጣ የሱዳን ሐኪሞች አጥንተው የጻፉበት ሱስ ነው። ከገዳሪፍ የሚመለሰው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ይህንንም ተምሮ ይመጣል።

በዚህ ላይ የስደት ኀዘን ይጨመራል። ኡም ራኩባ የተባለው የገዳሪፍ ሠፈር በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ተቀብሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹት ሲመጡ ደግሞ እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባም ተጨመረ። ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ። ትናንት አራሽ፥ መምህር ወይም ነጋዴ የነበረ ሰው ዛሬ ራሽን ጠባቂ ሲሆን የሚደርስበት ነገር ትኩሳት መለኪያ አያሳየውም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ግምት ጦርነት ባለበት አገር ከ5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ገዳሪፍ ራሷ የሱዳናውያን መጠጊያ ሆነች፤ በመተማም በኩል ብዙዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ኮሌራ በኩመር የስደተኞች ሠፈር፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ ታወቀ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ጦርነት መንገዱን ብዙ ጊዜ ዘጋው፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱ መኖሩን ቢያውቅም ወደ እሱ መድረሻ አጣ።

የሀገር ልማድንም በዚህ አለማንሣት አይገባም። ጣፊያው ያበጠ ሰው በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ጠበል ይወሰዳል፤ ማዶ ያለው ወደ ፈኪ ይሄዳል። አንድ አንድ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሕመምተኛውን ከማሸሽ በቀር የሚጠቅመው የለም። የሱዳን የአእምሮ ሕክምና አባት የሚባሉት ዶክተር ቲጃኒ ኤል ማሒ የሠሩት ከዚህ ተቃራኒውን ነበር። የሃይማኖት ፈዋሾችን አልነቀፉም፤ ተወዳጅተው አብረው ሠሩ፥ ሕመምተኛውም በአንደኛው እጅ ጸሎቱን በሌላው መድኃኒቱን እንዲይዝ አደረጉ። ይህ ምሳሌ በመተማ ለሚያስተምር መምህር ከአንድ ሙሉ የጤና መጽሐፍ ይበልጣል። ተኩሱ ግን ቁስል የሚያመጣ ስለ ሆነ ዝም ሊባል አይገባውም።

ስለ መምህራን ሥራ ሲነሣ፥ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሥዕልና በሰልፍ ላይ የሚነበብ ምክር ነው። እነዚህ ጥቂት ይጠቅማሉ። የበለጠ የሚጠቅመው መምህሩ በእጁ የያዘው የስም መጥሪያ ነው፤ ማን በመስከረም እንዳልመጣ፥ ማን በታኅሣሥ ከስቶና ገርጥቶ እንደ ተመለሰ ከቤተሰቡ ቀጥሎ የሚያየው እሱ ነውና። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፥ ሆዱም በግራ በኩል ያበጠ ልጅ ሲያይ «ሰሊጥ ወርደህ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ጥያቄው ያለ ወቀሳ ከሆነ ልጁ ይመልሳል፤ የመጠጡንም ነገር ቢሆን። ወቀሳ ከተቀላቀለበት ግን ልጁ ይዋሻል፥ ጤና ጣቢያውም የወባ ኪኒን ይሰጠዋል።

ሕክምናው ተፈጽሞ ሰውየው ሲሰናበት፥ መዳኑ በእርግጥ የሚታወቀው ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ ሲመረመር ነው። በታኅሣሥ የታከመ ሰው ቀጠሮው ሰኔ ላይ ይውላል። ሰኔ ግን የአረሙ ወራት መዳረሻ፥ ደላሎችም በየገበያው ሠራተኛ የሚጠሩበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች በቀጠሮአቸው ሐኪም ቤት መሄዳቸው ቀርቶ በመኪና ተጭነው ወደዚያው ቆላ ይወርዳሉ። የመውጫ ወረቀቱን ቀን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የሚጽፍ መምህር ካለ፥ ያ ልጅ ወደ መኪናው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ይጠራዋል።