ስለ ተረሳችው «ኦፍ»

(በቋንቋ ክበብ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወሰነ ትምህርት የአንድ ስብሰባ መሰረዝ በእንግሊዝኛ ጽፈን ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። «ዘ ሚቲንግ ሃዝ ቢን ኮልድ» ካልን በኋላ «ኦፍ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ዘነጋናት። ተሰርዟል ልንል ያሰብነው ተጠርቷል ሆኖ ተነበበ። ሰዎች በዝናብ መጥተው ከተዘጋ በር ፊት ቆሙ፤ ወቀሳውንም ተቀበልን።

ስሕተቱ ከቸልታ ብቻ የመጣ አይመስለንም። በአማርኛ «ተሳቀበት» ስንል «በ» ከግሱ ጋራ ተጣብቃ ስለምትኖር አትጠፋም። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ዎዝ ላፍድ አት» ሲባል የተሳቀበት ሰው ወደ ፊት ሄዶ ባለቤት ይሆናል፤ «አት» የምትይዘውን ስም አጥታ ብቻዋን ከመጨረሻ ትቀራለች። ትርፍ መስላን እንጥላታለን። በ«ደን አወይ ዊዝ» ደግሞ ሁለቱም ጭራዎች መጻፍ አለባቸው።

ሌላው ወጥመድ የራሳችን «ተ» ነው። «መኪናው ተበላሸ» ማለት ስለ ለመድን «ዎዝ ብሮክን ዳውን» ብለን እንጽፋለን። መኪናው ግን በራሱ ቆመ እንጂ ያቆመው አልተነገረም፤ ስለዚህ «ብሮክ ዳውን» ነው። በር በጉልበት ሲሰበር ግን ሰባሪ አለውና «ዎዝ ብሮክን ዳውን» ትክክል ነው። (ይህን ለማመን ብዙ ተከራክረናል።)

ጆሮም ይረዳል። በ«ኮልድ ኦፍ» ድምፅ የሚበረታው «ኦፍ» ላይ ሲሆን በ«ላፍድ አት» ግን «ላፍድ» ላይ ነው። ደካማዪቱ «አት» ቶሎ የምትረሳውም ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ማስታወቂያ ከእንግዲህ ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ሳያነበው አንለጥፍም።