ያልሞቀ ዘይት ሞተርን ይበላል
በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ስለ ሞተር ብስክሌት አያያዝ ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሞተር ዘይት ሙቀት ነው። ርእሱ ለመካኒክ እንጂ ለካህንና ለሰበካ ጉባኤ አባል የሚነገር አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ወይም ከራቤል ተነሥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣው የጤና ባለሙያ፣ የምንጭ ማጎልበት ሥራ የሚከታተለው ሠራተኛ፣ የችግኝ ጣቢያ የሚጎበኘው የግብርና ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው በሞተር ብስክሌት ነው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይና መኪና ማለፍ ሲያቅተው ደግሞ ተስፋው ይኸው ሁለት ጎማ ብቻ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ሞተሩ ከቆመ መድኃኒቱ ይዘገያል፤ ምጥ ለጠናባት እናት እርዳታ ሊጠራ የሚላከው ሰው ጎርፍና ጭጋግ እያቋረጠ በእግሩ ይሄዳል። ሞተር ብስክሌቱ የሚገዛው በብዙ ሰው ገንዘብ ነው። የሚበላሸው ግን ማንም ሳያየው፣ ቀስ በቀስ፣ በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሞተር ከልክ በላይ ሲግል እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። ሳይሞቅ መሥራቱም እንደሚጎዳው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በደጋ አገር ይህ ሁለተኛው ጉዳት የተለመደው ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ምክንያቱን፣ ቀጥሎም ማድረግ የሚገባንን እናገራለሁ።

አንድ ሊትር ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። ይህ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም እውነት ነው፤ በብርድ ማለዳ ከማርሚታ የሚወጣው ነጭ ጭስና የሚንጠባጠበው ውኃ ምስክር ነው። አብዛኛው እንፋሎት በማርሚታ ይወጣል። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። በዚያ ያለው ብረት ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የድስት ክዳን ውስጡ እንደሚያልበው ሁሉ፣ እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ዘይቱን ይቀላቀላል። ዘይቱ በሚገባ ከሞቀ፣ ይኸውም ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ ውኃው ተመልሶ ይተንና በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ካልሞቀ ግን እዚያው ይከማቻል። ዘይቱ ከውኃ ጋር ተመትቶ እንደ ወተት ይነጣል፤ ብሮንዚኑን፣ ባልቦላውንና ማርሹን ማለስለሱን ይተዋል፤ ብረቱም ከውስጥ ይዝጋል።

ደጋው በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨምራል። የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ከአየሩ መጠን በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ቾክ ተስቦ ሲቆይ ደግሞ ትርፉ ይብሳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። እንግዲህ በአንድ ሞተር ሆድ ውስጥ ሁለት እንግዶች ገቡ ማለት ነው፤ ውኃና ቤንዚን። ሁለቱንም የሚያስወጣቸው ሙቀት ነው።

በዚህ ቦታ አንድ ስሕተት ላመልክት። ዘይቱን በየሳምንቱ የሚለካ ሰው መጠኑ አለመቀነሱን አይቶ ደስ ይለዋል። ሞተር ሲሠራ ግን ጥቂት ዘይት መጉደሉ የተለመደ ነው። በክረምት መጠኑ ምንም ካልቀነሰ፣ ይልቁንም ከፍ ካለ፣ የጨመረው ዘይት ሳይሆን ውኃ ወይም ቤንዚን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለኪያውን ስታወጡ መጠኑን ብቻ አትዩ። ቀለሙን ተመልከቱ፤ ሽታውን አሽትቱ፤ የመሙያው ክዳን ውስጥ ነጭ አረፋ መኖሩን መርምሩ። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ወይም ወተት የመሰለ ዘይት ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን መቀየር አለበት። ተቀይሮም በአጭር ጊዜ እንደገና ከነጣ ውኃ የሚገባበት ሌላ ቀዳዳ ሊኖር ይችላልና ለመካኒክ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ሞተርን የሚጎዳው አጭር ጉዞ ነው። ከቢሮ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በመካከሉ ለሰዓታት የሚቆም ሞተር ዘይቱ አንድም ጊዜ ሳይሞቅ ሳምንቱ ያልቃል። ሩቅ ቀበሌ የሚሄደው ሞተር የበለጠ የሚለፋ ቢመስልም በዚህ በኩል ከመንደሩ የማይወጣው ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ትንንሽ ጉዳዮችን ሰብስቦ በአንድ ጉዞ መፈጸም፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜም ሳያቋርጡ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መንገድ መሄድ ነው። ይህም ትርፍ ጉዞ አይደለም፤ የሩቁን አጥቢያ ጉብኝት በዚያ ቀን ማድረግ ይቻላል።

ብዙዎች ጧት ሞተሩን አስነሥተው ሩብ ሰዓት ያህል በሚኒሞ እያሞቁ ይተዉታል። ይህ ቤንዚን ያቃጥላል እንጂ ዘይቱን በቅጡ አያሞቅም፤ ቾኩ እንደተሳበ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የሚሻለው አስነሥቶ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ሞተሩ እንደተረጋጋ ቾኩን መልሶ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሳያስጮኹና ከባድ ጭነት ሳይጭኑ በዝግታ መሄድ ነው። ሞተር የሚሞቀው ሲሠራ ነው፤ ቆሞ ሲያጉረመርም አይደለም።

የዘይቱ ዓይነትም ሊታወቅ ይገባል። በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 10 እና 40 ወይም 20 እና 50፣ ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው ዘይቱ በብርድ የሚኖረውን፣ ሁለተኛው በሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ሲል ዘይቱ በውርጭ ማለዳ ቶሎ ይፈስሳል። የመንዝ ብርድ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ቢወርድም 20 ቁጥር ያለውን ዘይት እንኳ አያረጋውም፤ ነገር ግን አወፍሮ ያዘገየዋል። ስለዚህ የአምራቹ መመሪያ ከአንድ በላይ ዓይነት የሚፈቅድ ከሆነ ለብርድ የተመለከተውን መምረጥ ነው፤ መመሪያው የማይፈቅደውን ግን በግምት አታስገቡ። በተጨማሪም በብዙ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮኑና ማርሹ በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ለመኪና የተዘጋጀ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ለሞተር ብስክሌት የተሠራውን ጠይቁ። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ሥርዓታቸው ሌላ ነው፤ የሞተሩ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፤ የማርሹ ዘይት ግን ለብቻው ስለሆነ እርሱም በየጊዜው ይታይ።

አገራችን ደጋ ብቻ አይደለችም፤ ከደጋው ጠርዝ እስከ ጀማ ሸለቆ ቆላ ያለው ቁልቁለትና ዳገት የታወቀ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ሞተሩ ሁለቱንም ጫፍ ያያል። ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ነዳጅ ስለማይሰጠው ይቀዘቅዛል፤ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽና በትንሽ ፍጥነት ሲወጣ ደግሞ ነፋስ አጥቶ ይግላል። ስለዚህ ብርድን ለመከላከል በሞተሩ ፊት ካርቶን ወይም ጨርቅ ማሰር አይገባም፤ በዳገቱ ላይ ያቃጥለዋል። ከዚያ ይልቅ በፊተኛው የጭቃ መከላከያ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ መከለያ ማንጠልጠል ጎማው የሚረጨውን ውኃና ጭቃ ከሞተሩ ያርቃል፤ የነፋሱን መንገድ ግን አይዘጋም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድም ክፉ ልማድ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል፤ ጎማው የሚያሽከረክራቸው ማርሾች አዲስ ዘይት ሳይደርሳቸው ይዞራሉ፤ የሰውየው ሕይወትም በረጠበ ፍሬን ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየሠራ ይውረድ። ዳገቱን ሲጨርስም ጥቂት ያሳርፈው እንጂ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስስበት፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉት ስስ የብረት ቅጠሎች መካከል የደረቀ ጭቃም በዱላ ቀስ ተብሎ ይራገፍ፤ ሙቀት የሚወጣው በእነርሱ ነውና።

አሁን ወደ ኮሚቴው ድርሻ ልምጣ። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ጠብቀው ለዘመናት አቆይተዋል። ሣሩ የሚታጨድበትና የሚከለከልበት ጊዜ የታወቀ ነበር፤ ጠባቂውም ተጠያቂውም የታወቀ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢላላም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ይዞታል። የጋራ ንብረት በመልካም ሐሳብ ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ጊዜና ባለቤት ያለው ደንብ እንደሚያስፈልገው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ለሞተር ብስክሌቱም እንዲሁ እናድርግለት።

አንደኛ፣ አንድ ደብተር ይኑረው። የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ ዘይት የተለካበትና የተቀየረበት ቀን፣ የታየው ቀለም ይጻፍበት፤ ተረካቢውም ይፈርም።

ሁለተኛ፣ የዘይት መቀየሪያ ጊዜው ከክረምቱ ጋር ይስማማ። አንዱ ቅያሪ ከሰኔ ሚካኤል በፊት፣ ሌላው ከመስቀል በኋላ ውርጭ ሳይገባ ይሁን። በመካከሉም መመሪያው ለከባድ አገልግሎት ያዘዘው አጭር ልክ ይጠበቅ፤ የደጋ ክረምት አጭር ጉዞ ከከባድ አገልግሎት ይቆጠራልና። ዘይቱ ሲወጣ ሞተሩ ሞቆ ይሁን፤ ያን ጊዜ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ የዘይት ወጪ በዓመቱ በጀት በስሙ ተለይቶ ይያዝ። ለሾፌሩ ኪስ የተተወ ዘይት አይቀየርም። የአንድ ቅያሪ ዋጋ ከአዲስ ፒስተንና ከኮሎ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ይሠራል።

አራተኛ፣ ሞተሩ ሌሊት ከዝናብና ከውርጭ ተጠልሎ ይደር። ነገር ግን ንዋያተ ቅድሳት፣ ጧፍና ዕጣን ባለበት ዕቃ ቤት አይግባ፤ የቤንዚን እንፋሎትና እሳት አብረው አይኖሩም።

አምስተኛ፣ የተቃጠለው ዘይት በጄሪካን ይጠራቀምና ወደ ከተማ ለሚረከብ ጋራዥ ይመለስ። በምንጭ ራስጌ፣ በጠበል አካባቢ ወይም በእርሻ ዳር አይደፋ። ንጹሕ ውኃ ለማጎልበት የምንደክም ሰዎች ያንኑ ውኃ በእጃችን ልናበላሽ አይገባም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ከነገርኳችሁ ውስጥ ልዩ መሣሪያ ወይም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ክዳኑን ከፍቶ ማየት፣ ጉዞን ማቀናጀት፣ ቀኑን ጠብቆ መቀየርና መጻፍ ነው። ከዚህ ስትመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት የአጥቢያችሁን ሞተር የዘይት ክዳን ከሾፌሩ ጋር ሆናችሁ ክፈቱ። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ አመስግኑት፤ ነጭ አረፋ ካገኛችሁ አትውቀሱት፤ በዚያው ቀን ዘይቱን አስቀይሩና ደብተሩን ጀምሩ። በነሐሴ ጭጋግ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ደጅ ቆሞ የሞተር ድምፅ ሲጠብቅ፣ ያ ድምፅ እንዲሰማ የሚያደርገው ዛሬ በሰኔ የምንሠራው ሥራ ነው።