ኀይል የተጨመረለት ሞተርና የዘንጉ ደኅንነት



ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በቁስቋም በኩል ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት የማታውቅ እንደ ሆንህ፥ የመኪና ሞተር ድካም ምን እንደ ሆነ ገና አላየህም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። አየሩም ስስ ስለ ሆነ፥ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኀይል ሩቡን ያህል ያጣል። ስለዚህ አንዳንድ ባለ መኪናዎች ተርቦ ያስገጥማሉ፤ ሌሎችም ቺሊንደሩን ያስፋፋሉ፥ ቮላኖውንም ያቀላሉ። መሻታቸው አያስነቅፍም። ነገር ግን ኀይል የጨመረ ሰው፥ ያንን ኀይል የሚሸከመውን ዘንግ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ይህ ዘንግ ክራንክ ሻፍት የሚባለው ነው። ብረት ነውና አይጠመዘዝም አትበል። ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ ይዘው ሲጨምቁት እንደሚጠመዘዝ፥ ዘንጉም ነዳጁ በነደደ ቁጥር ለዓይን በማይታይ መጠን ተጠምዝዞ ይመለሳል። ባለ 4 ቺሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፥ ይህ ምት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደርስበታል። ዥዋዥዌ የሚጫወተውን ልጅ ጊዜውን ጠብቀህ ደጋግመህ ብትገፋው በትንሽ ጉልበት ከፍ ይላል፤ እንደዚሁም ምቱ ከዘንጉ የተፈጥሮ ውዝዋዜ ጋር በገጠመ ጊዜ መጠምዘዙ እየበረታ ይሄዳል። በመጨረሻም ብረቱ ይደክማል፤ ተሰንጥቆም ይሰበራል።

ለዚህ ችግር እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መላ አበጀ። ዛሬም በብዙ ሞተሮች ፊት ያለው ፑሊ ቺንጋ ማዞሪያ ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ የጎማ ቀለበት፥ በዙሪያው ከባድ የብረት ቀለበት አለበት። ብረቱ የዘንጉን ውዝዋዜ ይቃወማል፤ ጎማውም ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል።

ታዲያ አንድ የቁስቋም ጎረቤቴ ሞተሩን ባስበረታ ጊዜ፥ ሠራተኛው «ይህ ከባድ ነው» ብሎ ባለ ጎማውን ፑሊ አውጥቶ በቶርኖ የተሠራ ቀላል ፑሊ ገጠመለት። መኪናው ለጥቂት ወራት ፈጠነ። አንድ ቀን ግን ቤተ ሰቡን አሳፍሮ ዳገቱን ሲወጣ ዘንጉ ተሰበረ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ከበደ፤ ፍሬኑም አጋዥ ስላጣ ደነደነ። ወደ ኋላ መንሸራተት የጀመረችው መኪና በእጅ ፍሬንና መንገደኞች ከጎማዋ ሥር በጣሉት ድንጋይ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሰው አልተጎዳም።

ስለዚህ ሞተርህን ልታስበረታ ስትነሣ እነዚህን ነገሮች አስተውል። አንደኛ፥ ባለ ጎማውን ፑሊ አታስወጣ፤ ጎማው ቢሰነጠቅ ወይም የብረቱ ቀለበት ከስፍራው ቢንሸራተት በዓይነቱ ለውጠው። ሁለተኛ፥ ፒስቶን፥ ቢየላ ወይም ቮላኖ ሲለወጥ ክብደታቸው ይመጣጠን፤ ዘንጉም በመሣሪያ ሚዛኑ ይታይ። ሦስተኛ፥ ሚዛን መጠበቅና መጠምዘዝን መግታት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሳ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። አራተኛ፥ መንቀጥቀጥ በእጅህ ስላልተሰማህ ብቻ ዘንጉ ደኅና ነው አትበል፤ ይህ ጠላት በዝምታ የሚሠራ ነውና።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የአንድ ፑሊ ዋጋ ከዘንግ ዋጋ ያንሳል፤ ከሰው ሕይወት ጋርማ ከቶ አይነጻጸርም።