የክራር ገበቴ ስለሚለሰልስበት መያዣ የተነገረ ቃል



ክራር የሚሠራ ተማሪ ዋንዛውን በመጥረቢያ ጠርቦ፥ ውስጡንም በመሮ ቦርቡሮ ገበቴውን ካወጣ በኋላ፥ የቀረው ማለስለስ ብቻ ነውና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ብዙ ገበቴ የሚበላሸው በዚህ ጊዜ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ይዞ የፈተገ እንደ ሆነ፥ የእንጨቱን ለስላሳ ክፍል አብዝቶ ይበላል፥ ጠንካራውንም ይተወዋል፤ ከዚህም የተነሣ ላዩ ሲዳሰስ እንደ ማዕበል ይሆናል። ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ጠቅልሎ የፈተገ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ጎባጣው በየስፍራው ይደለደላል፤ በጎድጓዳው ውስጥም የመያዣው ጠርዝ እየጫረ መሥመር ያወጣል።

ስለዚህ የመያዣው ቅርጽ የገበቴውን ቅርጽ መከተል አለበት። ይህም ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ለውስጡ፥ ጉብታው ከገበቴው ጉድጓድ ጥቂት ጠበብ ያለ የቅል ስባሪ ይፈለጋል፤ በጀርባው አሮጌ ቆዳ ይለበጥበትና ወረቀቱ በዚያ ላይ ይጠቀለላል።

ለውጩ ግን ከሁሉ የሚሻለው ራሱን ገበቴውን ሞረድ ማድረግ ነው። ወረቀቱ ሻካራ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ በገበቴው ጀርባ ላይ በጥብቅ ይያዛል፤ ከዚያም እጅ የሚሞላ የለስላሳ እንጨት ቁራጭ በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይፈተጋል። ቁራጩ እየተበላ ሄዶ የገበቴውን ጉብታ በሆዱ ይቀበላል። ይህ በሆነ ጊዜ ወረቀቱ ይነሣና ሻካራው ወደ ውጭ ሆኖ በዚያው በተጎደጎደው ፊት ላይ ይለበጣል። ነገር ግን በዓይን ሲታይ አስቀድሞ የተስተካከለ ስፍራ ይመረጥ፤ ቁራጩ ጠማማ ከተማረ ጠማማውን ያስተምራልና።

ለሁለቱ ቋሚ እንጨቶች ወረቀቱ በቀጭኑ ተቀዶ፥ ከጀርባው ጨርቅ ተለጥፎበት፥ በሁለት እጅ እንደ ጫማ መወልወያ ይሳባል። ለጠባብ ስፍራ የደረቀ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ይበቃል።

የወረቀቱ ቁጥር ባነሰ መጠን ሻካራነቱ ይበዛል፤ ከ80 ተነሥቶ በ120 እና በ180 አልፎ በ240 መጨረስ መልካም ነው። ከ80 ወደ 240 የዘለለ ሰው ግን ጭረቱን ቅባት በተቀባ ጊዜ ያየዋል። በየመካከሉ ገበቴው በእርሳስ በስሱ ይሠመር፤ ከተፈተገ በኋላ መሥመሩ ያልጠፋበት ስፍራ ጎድጓዳ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው በአፉ ጠርዝ ላይ ነው። እርጥቡ ቆዳ ተወጥሮ በደረቀ ጊዜ ይኮማተራልና ጠርዙን በብርቱ ይስባል። በፈተጋ ብዛት የሳሳ ጠርዝ ይሰነጠቃል፤ ስለት ሆኖ የቀረም ቆዳውን ይቆርጣል፤ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል። (በገናን የሚያከብር ሰው የበገና ሠሪን እጅ ሲንቅ መታየቱ የሚያስገርም ነው።) ጠርዙ እንግዲህ በ180 ብቻ፥ በቀላል እጅ፥ ሹልነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይታሽ።

ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ፈተጋው በደጅ ይሁን፥ አፍና አፍንጫም በጨርቅ ይሸፈን። አንዱ ወረቀት ለ4 ተማሪ ይቀደድ፤ ያረጀውም አይጣል፥ ስለቱ ደክሞ እንደ ላመው ወረቀት ያገለግላልና።